ነፋስና ፀሐይ የሁሉ ናቸው፤ ማሳው ግን ባለይዞታ አለው

ሐዋሳ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኘው አሞራ ገደል የዓሣ መገበያያ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች ማምሻውን መረባቸውን ጥለው፣ ማለዳ ቆሮሶና አምባዛ ጭነው በጀልባ ወደ ዳርቻው ይመለሳሉ። ሐይቁና በውስጡ ያለው ዓሣ የማንም የግል ሀብት አይደለም። ጀልባውና መረቡ ግን ባለቤት አላቸው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315ም ዓሣ በዘፈቀደ እንዳይጠመድ ሥርዓት አብጅቷል። ዓሣው የሁሉ ነው ተብሎ ደንብ ባይኖረው ኖሮ ያልደረሰው ሳይቀር ተለቅሞ ሐይቁ ባዶውን በቀረ ነበር። ደንቡ አስጋሪውን ረስቶ ቢወጣ ደግሞ ቤተሰቡ በተራበ ነበር።

በየብስ ላይም ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቧል። አገሪቱ ከወንዝ ውኃ ሌላ ከነፋስና ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ነፋስም ፀሐይም እንደ ሐይቁ ዓሣ የሁሉ ናቸው። ነገር ግን የነፋሱ ምሰሶ በአየር ላይ አይቆምም፤ የፀሐዩም ሰሌዳ በደመና ላይ አይነጠፍም። ሁለቱም የሚያርፉት በአንድ ሰው ማሳ ወይም በአንድ ቀበሌ የግጦሽ መሬት ላይ ነው።

እንደ አዳማ ያለ ትልቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በሐዋሳ ዙሪያ አልተተከለም። ሆኖም በሲዳማ የብዙ አባወራ ማሳ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። እንሰት፣ ቡናና በቆሎ ተጠጋግተው የሚበቅሉበት ማሳ ጥቂት ሜትር በተነካ ቁጥር ጓዳው ይነካል። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና የከተማይቱ መስፋፋት ለዙሪያው ገበሬ የይዞታንና የካሣን ጉዳይ ቅርብ አድርገውታል። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች የነፋስና የፀሐይ ኃይል ሥራ ከቀበሌያቸው ከመድረሱ በፊት ሌላው አካባቢ ምን እንደ ገጠመው፣ ሕጉም ምን እንደሚል ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ነፋሱ የማን ነው?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆናቸውን ደንግጓል። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚሁ አንቀጽ ግን ለገበሬው ሦስት ታላላቅ መብቶች ተሰጥተዋል። አንደኛው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ነው። ሁለተኛው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያቆመው ቋሚ ንብረትና ያደረገው ማሻሻያ የራሱ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረቱን በሚወስድበት ጊዜ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ የማግኘት መብት ነው።

እንግዲህ ገበሬው በማሳው ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ የግሌ ነው ብሎ ሊሸጥ አይችልም። ነፋሱ የሁሉ ነው የሚል ሰውም ያለ ሕግ መጥቶ በገበሬው ማሳ ላይ ችካል ሊመታ አይችልም። የነገሩ ቁልፍ ይኸው ነው።

ለገበሬ ማኅበራት የመሬት ጉዳይ እንግዳ አይደለም። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲይዝ ሲፈቅድ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር ስፋት ባለው አካባቢ የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም አድርጓል። መሬት የመደልደልና ክርክር የመዳኘት ሥልጣንም ሰጥቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጎቹ ተለውጠዋል፤ የምዝገባውም ሥራ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ የመሬት አስተዳደር ተዛውሯል። ያልተለወጠው ነገር ወሰኑንና ባለይዞታውን ከማንም በላይ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው መሆኑ ነው።

አዳማና አሸጎዳ ያስተማሩት

በአዳማ ከተማ አቅራቢያ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች ሲኖሩት 51 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ክፍል 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት ያለው ነው። በድምሩ 136 ማማዎች በገበሬው አገር ላይ ቆመዋል። ነገር ግን አንዱ ተርባይን የሌላውን ነፋስ እንዳይቀማ ተራርቆ ስለሚተከል በመካከላቸው ያለው መሬት አሁንም ይታረሳል። ከማማዎቹ ሥር በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ማየት በአዳማ የተለመደ ነው።

ይህ የነፋስ ኃይል መልካም ጎን ነው። ይሁን እንጂ የገበሬ ማኅበር መሪ ምሰሶውን ብቻ ቆጥሮ ማቆም የለበትም። ከምሰሶው ሥር ሰፊ የሲሚንቶ መሠረት ይቀበራል። ከባዱን ክንፍ የሚያነሣው ክሬን የሚቆምበት ሜዳ ይደለደላል። ማማውን የሚያጓጉዘው መኪና የሚሄድበት መንገድም ይወጣል። ስፋቱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ ብቻውን ከግማሽ ሄክታር በላይ ይበላል። ከዚያም የኤሌክትሪክ መሥመሩ ይዘረጋል። ሽቦ በሚያልፍበት ሥር ባሕር ዛፍን የመሰለ ረጅም ዛፍ ማሳደግ አይፈቀድም። በመሆኑም ምሰሶ ያልተተከለበት ገበሬም በመንገዱ ወይም በመሥመሩ ምክንያት ይዞታው ሊነካ ይችላል።

በመቀሌ አቅራቢያ የሚገኘው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት አቅም ነበረው። በዚያን ጊዜ በወጡ ዘገባዎች ወደ 700 የሚጠጉ ገበሬዎች ማሳቸውን በከፊል ወይም በሙሉ እንደ ለቀቁ ተገልጿል። የተከፈለው ካሣ አነሰ የሚል ቅሬታም ተሰምቷል። ተርባይኑ የሚያመነጨው ኃይል በከፍተኛ መሥመር ወደ ዋናው መረብ ስለሚሄድ፣ ማሳውን የለቀቀ ገበሬ ቤት መብራት የሚገባው ለብቻው የማከፋፈያ መሥመር ሲዘረጋለት ነው። ይህ ልዩነት አስቀድሞ ካልተብራራ ማማው በደጁ ቆሞ ኩራዝ የሚያበራ ገበሬ ቅር መሰኘቱ አይቀርም።

ፀሐይ ማሳ ትሸፍናለች

ፀሐይ ከነፋስ ትለያለች። የነፋስ ማማ ነጥብ ይይዛል፤ የፀሐይ ሰሌዳ ግን መስክ ያለብሳል። 1 ሜጋ ዋት ለማመንጨት 2 ሄክታር ያህል መሬት ያስፈልጋል። ስለዚህ 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ወደ 200 ሄክታር ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ መሬት ሰው በማይኖርበት ደረቅ ሜዳ ላይ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ አባወራ ግማሽ ሄክታር በያዘበት አገር ቢሆን ግን 400 አባወራዎችን ይነካል።

እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲመጣ መሪዎች የሚያነሡት የመጀመሪያው ጥያቄ ቦታውን የሚመለከት ይሁን። ድንጋያማው፣ የተራቆተው ወይም ለእርሻ የማይሆነው መሬት ስለ ምን አልተመረጠም ብሎ መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም። ሰሌዳዎቹን ከፍ አድርጎ በመስቀል ከሥራቸው በግ ማሰማራት ወይም ጥላ የሚወድ አትክልት ማልማት የሚቻልበት አሠራርም በሌሎች አገሮች አለ። ይህም በውይይቱ ላይ ሊነሣ ይገባዋል።

ካሣው እንዴት ይሰላል?

አሸጎዳና አዳማ በተሠሩበት ጊዜ የጸናው ሕግ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ነበር። በዚያ ሕግ ይዞታውን ለዘለቄታው የለቀቀ የገጠር ባለይዞታ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ለወጠው። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ያላገኘ ባለይዞታ ካለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ የሆነው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 እንዲባዛለት ደነገገ።

ልዩነቱ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ገበሬ ከማሳው በአምስት ተከታታይ ዓመታት 30,000፣ 34,000፣ 40,000፣ 55,000 እና 48,000 ብር አገኘ እንበል። በቀድሞው ስሌት አማካዩ 41,400 ብር ስለሆነ ካሣው 414,000 ብር ይሆናል። በ1161 ስሌት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው 55,000 ብር ስለሆነ ካሣው 825,000 ብር ይደርሳል። ምትክ መሬት የተሰጠው እንደ ሆነ የአንድ ዓመቱ ከፍተኛ ገቢ፣ ማለትም 55,000 ብር ይታሰብለታል። ለመንገድ ሥራ ወይም ለዕቃ ማስቀመጫ ተብሎ ማሳው ለሁለት ዓመት ብቻ ከተወሰደበት ደግሞ ያው ገቢ በሁለት ተባዝቶ 110,000 ብር ይሆናል።

ይህ የመፈናቀያ ካሣ ነው። በማሳው ላይ ያለው ንብረት ለብቻው ይገመታል። ቡናው፣ እንሰቱ፣ አጥሩ፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ ገበሬው ደክሞ የሠራው እርከን ሁሉ ይቆጠራል። ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሊተከል የሚችል ንብረት የማንሻው፣ የማጓጓዣውና የመትከያው ወጪ ይታሰባል። ገበሬው የገዛው የውኃ መሳቢያ ሶላር ከዚህ ውስጥ ይገባል።

አዋጅ 1161 በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ወጥቶለታል። ስለሆነም ስሌቱ ከመሠራቱ በፊት መሪዎች የጸናውን ሕግና የክልሉን መመሪያ ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ማንበብ አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ስሌቱ የሚነሣው ከገቢው ስለሆነ የገቢ ማስረጃ የሌለው ገበሬ በሌላ ሰው ግምት ይወሰንበታል። ስንት ኩንታል በቆሎ እንደ ገባ፣ ቡናው በስንት ብር እንደ ተሸጠ በየዓመቱ በደብተር ቢጻፍ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሰጠውም ደረሰኝ ቢቀመጥ፣ ያ ቁራጭ ወረቀት በ15 ይባዛል።

ከሰሜንና ከደቡብ የመጡ ሁለት ምሳሌዎች

የኦሞ ወንዝ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ ማዶ፣ በኬንያ ማርሳቢት አውራጃ፣ 365 ተርባይኖች ያሉት 310 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተሠርቷል። ለዚሁ ሥራ 150,000 ኤከር የሚሆን የአርብቶ አደሮች የወል መሬት በኪራይ ተሰጠ። ነዋሪዎቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ክስ መሠረቱ። በመሩ የተሰየመው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት በጥቅምት ወር 2021 እ.ኤ.አ. የይዞታ ማረጋገጫው የተሰጠው ሥርዓቱን ባልተከተለ መንገድ ነው ብሎ ፈረደ፤ ጉድለቱ እንዲስተካከልም የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። ማማው ከቆመ በኋላ የሚጀመር ክርክር ለነዋሪውም ለኩባንያውም እንደማይበጅ ይህ ያሳያል። የወል መሬት ባለቤት የሌለው መሬት ተደርጎ መቆጠር እንደሌለበትም ያስተምራል።

በዴንማርክ ደግሞ ከ2009 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ በነበረው ሕግ የነፋስ ማመንጫ የሚተክል ድርጅት ከአክሲዮኑ ቢያንስ 20 በመቶውን ለአካባቢው ነዋሪዎች ለሽያጭ ማቅረብ ነበረበት። በኮፐንሃገን ባሕር ላይ የቆሙት 20 የሚደልግሩንደን ተርባይኖች ሲሠሩ ግማሹ የተያዘው በነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። የኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት ከዚያ አገር የተለየ ቢሆንም፣ በደጁ የሚቆም ሀብት ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው ጠባቂ እንጂ ከሳሽ እንደማይሆን መገንዘብ ይቻላል። የእኛም ሕግ ለዚህ በሩን አልዘጋም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታው በመሬት የመጠቀም መብቱ ከባለሀብት ጋር በውል በጋራ እንዲያለማ ፈቅዶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያሲዝ ፈቅዷል። አዋጅ 1161ም አቅሙ ያለው ባለይዞታ መሬቱን ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኝ ደንግጓል።

ችካል ከመመታቱ በፊት

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፣ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሥራ ቀያሽ ከመምጣቱ በፊት ይጀምራል። ዋና ዋናዎቹ ተግባራት የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ የእያንዳንዱ አባል የይዞታ ደብተር መኖሩንና ከማሳው ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ። በገመድ ተለክቶ የተጻፈው የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር ካርታ የለውም። የሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን ወሰኑን በካርታ ያሳያል። ወሰኑ በካርታ ላይ የሰፈረ ገበሬ በስፋት ክርክር አይሸነፍም።

2ኛ/ የባልና የሚስት ስም በደብተሩ ላይ በአንድነት መስፈሩን ማየት። ካሣ ሲከፈል ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ ገብቶ ቢባክን መሬትም ገንዘብም ያጡት እናትና ልጆች ናቸው።

3ኛ/ የግጦሽ ኮረብታውን፣ የምንጩን ዳርና የወል መንገዱን ወሰን በጽሑፍ መያዝ። ነፋስ የሚበረታው በተረተሩ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ የወሉ መሬት ነው።

4ኛ/ ውይይቱ በጊዜው መደረጉን መከታተል። አዋጅ 1161 ባለይዞታዎቹ መሬቱን ከመልቀቃቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ሥራው ዓይነትና ስለሚያስገኘው ጥቅም እንዲወያዩ አዝዟል። አስቸኳይ ከሆነም ጊዜው ከስድስት ወር እንዳያንስ ከልክሏል። የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የመብራት፣ የመንገድና የሥራ ቅጥር ተስፋ በአፍ ብቻ ተነግሮ አይቅር፤ በውል ላይ ይስፈር።

5ኛ/ ማማው ከመኖሪያ ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የተቆፈረው አፈር የት እንደሚደፋ፣ ጎርፉ በማን ማሳ እንደሚወርድ፣ ተርባይኑ ዕድሜው ሲያልቅ መሬቱን ማን እንደሚመልስ አስቀድሞ መጠየቅ።

6ኛ/ ቅሬታ ያለው አባል ቀን እንዳያልፍበት ማገዝ። አዋጅ 1161 ሲወጣ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ለማመልከት የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነበር። በእርሻ ወራት 30 ቀን ሳይታሰብ ያልፋል። በሲዳማ የሽማግሌዎች ሶንጎ የጎረቤትን የወሰን ጠብ ለማብረድ ታላቅ እገዛ አለው። ሆኖም በካሣ ጉዳይ የሽማግሌ ምክር የጽሑፍ አቤቱታን አይተካም።

በራስ ጣሪያ፣ በራስ ደንብ

የፀሐይ ኃይል ሁሉ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ገበሬው ራሱ ገዝቶ በጣሪያው ላይ የሚያኖረው ሶላር የግል ንብረቱ ነው። ለመብራት፣ ለስልክ መሙያ፣ ለውኃ መሳቢያ የሚውል ትንሽ ሶላር ማሳ አይወስድም፤ እንዲያውም ከናፍጣ ወጪ ያሳርፋል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የመንደሩ ሥርዓት ነው።

በሰሜን ሸዋ ሬማ በተባለ የገጠር መንደርና በአካባቢው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከ2,000 በላይ ቤቶች የፀሐይ መብራት አግኝተዋል። ተጠቃሚዎቹ በየወሩ ትንሽ ክፍያ እያዋጡ ለጥገና እንዲውል ተደርጓል፤ የጥገና ባለሙያዎችም በዚያው ሠልጥነዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሰሌዳው ብዙ ዓመት ሲያገለግል ባትሪው ግን ቀድሞ ይደክማል። የባትሪ መተኪያ ገንዘብ ያላጠራቀመ መንደር ተመልሶ ጨለማ ውስጥ ይገባል።

የውኃ መሳቢያ ሶላር በጋራ ሲገዛ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። ሰሌዳው በማን ማሳ ላይ ይቆማል? ለቦታው ባለይዞታ ምን ይታሰብለታል? ውኃው በተራ ለማን ይደርሳል? የተሰረቀ እንደ ሆነ ማን ይጠየቃል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 እና በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 ገበሬዎች በሕግ ተደራጅተው ለዚህ መልስ የሚሰጥ መተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጡ ያስችላሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀኑን ሙሉ ያለ ነዳጅ የሚስብ መሳቢያ ጉድጓዱን ሊያደርቅ ስለሚችል፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራም በደንቡ ቢወሰን መልካም ነው።

ለመንደር ሁሉ የሚበቃ የፀሐይ ጣቢያ ተክሎ መብራት መሸጥ ግን የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ፈቃዱን ሲደነግግ፣ የዘርፉ ተቆጣጣሪ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። አንድ ድርጅት መጥቶ መብራት ልሽጥላችሁ ቢል፣ መሪዎች ፈቃዱንና የጸደቀለትን የዋጋ ተመን ይጠይቁት። ዋናው የመብራት መሥመር ከቀበሌው በደረሰ ጊዜ ጣቢያው ምን እንደሚሆንም በውሉ ይወሰን።

የነፋስና የፀሐይ ኃይል ለገጠሩ የሚያመጣው በረከት የሚካድ አይደለም። ወፍጮውን፣ የክትባት ማቀዝቀዣውን፣ የተማሪውን መብራት ሁሉም ይፈልጋቸዋል። በረከቱ ከብዙዎች ጓዳ ሲደርስ ዋጋውን ግን በማማው ሥር ያለው አንድ አባወራ ብቻውን እንዳይከፍል መጠበቅ የመሪዎች አደራ ነው። ደብተሩ የተስተካከለ፣ ገቢው የተመዘገበ፣ ውይይቱ በቃለ ጉባኤ የተያዘ ቀበሌ ቀያሹን በፍርሃት ሳይሆን በሕግ ይቀበለዋል። ይህን ያላዘጋጀ ቀበሌ ግን የሚሰጠውን ተቀብሎ፣ ያጣውን ቆጥሮ ሳይጨርስ ክረምቱ ይገባበታል።